ማወቅ ያለብዎ፦ ሆስፒታልዎ «ዘላቂነት»ን በዕቅዱ ከማስገባቱ በፊት

በመንግሥት ሆስፒታል የሠራ ሰው ቢፒአር፣ ካይዘንና ቢኤስሲ የተባሉትን የሥራ ማሻሻያ መርሐ ግብሮች ያስታውሳል። ሁሉም ሥልጠና ነበራቸው፣ ቅጽ ነበራቸው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሠንጠረዥም ነበራቸው። አሁን ተራው የዘላቂነት ሆኗል፤ ኃይልን መቆጠብ፣ ብክነትንና ብክለትን መቀነስ፣ ለነገው ታካሚ አቅም ማቆየት። ሐሳቡን የሚቃወም የለም። የሥራ አመራር ቦርድ አባል ወይም ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ግን ከመፈረምዎ በፊት የሚከተሉትን ይመርምሩ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። አዲስ ቅጽ የሚሞላው ያው የተጨናነቀ ነርስ ወይም የመረጃ ባለሙያ ከሆነ፣ ሪፖርቱ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ቁጭ ተብሎ የሚፈበረክ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ ከሚቆጠረው ይጀምሩ። በእኔ ግምት ከመድኃኒት መጋዘን የተሻለ መነሻ የለም። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ደጋግሞ ያስከፍላል። የወጣበት ገንዘብ ይቀልጣል፤ በዚያ ገንዘብ ሊገዛ ይችል የነበረውን መድኃኒት ፈልጎ የመጣ ታካሚ «የለም» ተብሎ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል፤ ማስወገዱ ደግሞ ኮሚቴ፣ መጓጓዣና ናፍጣ ይጠይቃል፣ ጭስም ያስከትላል። አንድ መለኪያ ሒሳቡንም፣ ታካሚውንም፣ አካባቢውንም ያሳያል ማለት ነው። መሣሪያውም እጃችን ላይ አለ፤ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተነስቶ ወደ ሌሎች የተስፋፋው ኤፒቲኤስ የተባለው የመድኃኒት አያያዝ አሠራር እያንዳንዱን ግብይት ኦዲት ሊደረግ በሚችል መንገድ ይመዘግባል። ሆስፒታልዎ ይህን የሚሠራበት ከሆነ፣ ለቦርዱ የሚቀርበውን የዘላቂነት ሪፖርት ለመሙላት የሚቀረው ጥቂት ነው።

ናፍጣውንም ይጠይቁ። የጄኔሬተሩና የአምቡላንሱ ነዳጅ በአንድ የሒሳብ መደብ ተጠቃሎ የሚመዘገብ ከሆነ፣ መብራት መጥፋት ምን ያህል እንደሚያስከፍልዎ አያውቁም ማለት ነው።

የቆጠበው ክፍል ምን ያገኛል?

ከመንግሥት የተመደበ በጀት ሰኔ 30 ላይ ካልተሠራበት ተመላሽ ይሆናል። የሰኔን የግዢ ሩጫ ያየ ሰው ቀሪው አይነገረውም። ኤሌክትሪክ የቆጠበ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ተቀንሶ ከጠበቀው፣ ዳግመኛ አይቆጥብም። መውጫው የውስጥ ገቢ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ባመጣው ለውጥ፣ ጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ በቦርድ ውሳኔ ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቅዶላቸዋል። ቁጠባ ላስመዘገበ ክፍል ከዚህ ላይ ለዕቃ ወይም ለጥገና የሚውል ድርሻ መወሰን የቦርዱ ፋንታ ነው። ይህ ሳይወሰን ወደ ክፍሎች ግብ ማውረድ ከንቱ ድካም ነው።

ስጦታውን ማን ያኖረዋል?

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች አስተማማኝ ኤሌክትሪክ ያላቸው ሆስፒታሎች ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የፀሐይ ኃይል ልስጥ የሚል ለጋሽ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። እምቢ አይበሉ፤ ግን ፓነሉ ብዙ ዓመት ሲያገለግል ባትሪው ቀድሞ እንደሚደክም ይወቁ። ተከላው የሚመዘገበው በካፒታል በጀት ነው፣ ጥገናው ግን በመደበኛው ነው፤ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። የባትሪው መተኪያ ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በዕቅድ ይያዝ።

ቆሻሻው የሚለየው የት ነው?

በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ ከጤና ተቋማት ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ተራ ቆሻሻ ነው፤ ተላላፊ ወይም ሌላ አደጋ ያለው 15 በመቶ ብቻ ነው። የሙዝ ልጣጭና ካርቶን ከመርፌ ጋር ከተቀላቀለ ሁሉም ወደ ማቃጠያው ይሄዳል። ልየታው እዚያው በታካሚው አልጋ አጠገብ ካልተጀመረ፣ ትልቅ ኢንሲነሬተር መግዛት ናፍጣ ከማባከን አያልፍም።

የማን ዝርዝር ነው የሚቀዱት?

የእንግሊዝ ብሔራዊ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 ዕቅድ አውጥቶ፣ በቀጥታ የሚያመነጨውን በካይ ጋዝ በ2040 ወደ የተጣራ ዜሮ ለማውረድ ቆርጧል። ዴስፍሉሬን የተባለውን እጅግ በካይ የማደንዘዣ ጋዝም ከቀዶ ሕክምና ክፍሎቹ ለማስወጣት ሠርቷል። ለእነሱ ትልቅ እርምጃ ነው። በአብዛኛው በሃሎቴንና በአይሶፍሉሬን ለሚሠራ የእኛ ሆስፒታል ግን ዴስፍሉሬንን መለኪያ ማድረግ ያለ ልፋት መቶ ከመቶ ማግኛ ነው። ከእነሱ መቅዳት የሚገባው ሌላ ነው፤ ሲያሰሉት ከብክለታቸው ሩብ ያህሉ ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኙት፤ ይህም ወደ መድኃኒት መጋዘኑ ይመልሰናል።

ተጠያቂው ማነው?

«የዘላቂነት ኮሚቴ» የሚል መልስ ከሰጡዎት አይቀበሉ። የመድኃኒቱ ቁጥር በፋርማሲ ኃላፊው፣ የናፍጣው በፋይናንስ ኃላፊው ስም ይጻፍ፤ ከአልጋ ቁጥርና ከሞት ምጣኔ ጋር በአንድ ስብሰባ ይቅረብ።

ስለ ቁጥሩ ምንጭና ስለ ቆጣቢው ክፍል ጥቅም የጠራ መልስ ካላገኙ፣ ውሳኔውን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ያሳድሩት። እስከዚያው መጋዘኑን ያስቆጥሩ፤ ለዚያ የማንም ፊርማ አያስፈልግዎትም።