ስለ ኀዘንና ስለ ድባቴ ሕመም

ልጆች ሆይ፥ ኀዘን የማያገኘው ሰው በዓለም ላይ የለም። የሚያርስበት በሬ የሞተበት ገበሬ ያዝናል፤ ልጇ ወደ ሩቅ አገር የሄደባት እናት ታዝናለች፤ በፈተና የወደቀ ተማሪም ያዝናል። እንዲህ ያለው ኀዘን በሽታ አይደለም፥ ነውርም አይደለም። የምንወደውን ባጣን ጊዜ ልባችን ማዘኑ መውደዳችንን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ነገር ግን ኀዘንን የሚመስል፥ ከኀዘን ግን የተለየ ሌላ ነገር አለ። እርሱም ሐኪሞች ድባቴ ብለው የሚጠሩት ሕመም ነው። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰው በሽተኛውን እንደ ሰነፍ ቈጥሮ ይነቅፈዋል፤ በዚህም ሳያውቅ ይበድለዋል። ስለዚህ ልዩነታቸውን ማወቅ ይገባናል።

የኀዘን ምክንያቱ ይታወቃል። ወደ ልቅሶ ቤት ሄዳችሁ እንደ ሆነ ይህን አይታችኋል። ኀዘንተኛው አምርሮ ያለቅሳል፤ ጎረቤት መጥቶ በዙሪያው በተቀመጠ ጊዜ ግን የሟቹን ደግነት ያወራል፥ እህልም ይቀምሳል፥ አንዳንድ ጊዜም በእንባው መካከል ፈገግ ይላል። ኀዘን እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ ይወርዳል፥ ያባራል፥ ደግሞ ይወርዳል፤ ጊዜ ሲያልፍ ግን እየቀለለ ይሄዳል።

ድባቴ ግን እንዲህ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከመከራ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ምክንያቱ ሳይታወቅ ይመጣል። ሕመሙ የያዘውን ሰው ቀድሞ ይወደው የነበረው ጨዋታም ሥራም ወዳጅም ደስ አያሰኘውም። እንቅልፍ ያጣል ወይም ያለ ልክ ይተኛል፤ ምግብ ይጠላል፤ ሰውነቱ ይደክማል፤ የሚያነበውን ልብ ማለት ይሳነዋል። በደል ሳይኖርበት ራሱን እንደ በደለኛና እንደማይረባ ሰው ይቈጥራል፤ አንዳንዱም ሞትን እስከ መመኘት ይደርሳል። ልጆችንም ይይዛቸዋል፤ ልጅ ሲታመም ከማልቀስ ይልቅ በጥቂቱ የሚቈጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ምልክት ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ በየቀኑ ሳይለቀው የቈየ ሰው በሐኪም መታየት አለበት።

ሁለቱንም ያወቀ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም ከ1861 እስከ 1865 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው አብርሃም ሊንከን ነው። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1841 በጃንዋሪ ወር፥ ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳለ፥ ሊንከን ካጫት ሴት ጋር ተለያይቶ ነበር። ነገር ግን የያዘው ጨለማ ከዚህ ኀዘን የበለጠ ነበረ። የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ሳለ ከሸንጎው መቅረት ጀመረ። ለሥራ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ በሕይወት ካሉት ሰዎች ሁሉ እጅግ የተጨነቀው እርሱ እንደ ሆነ፥ ይሻለውም እንደ ሆነ እንደማያውቅ ገለጸ። ዛሬ ይህን ድባቴ ነበረ የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

ወዳጁ ጆሹዋ ስፒድ ግን፦ ተነሣ፥ አትስነፍ ብሎ አልገሠጸውም። በራሱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ምላጩንና ቢላዋውን ከክፍሉ አወጣበት። ሐኪምም ይረዳው ነበር። በዚያው ዓመት በበጋው ወራት ሊንከን ወደ ስፒድ ቤተ ሰብ ቤት ሄዶ ብዙ ሳምንት በእንግድነት ተቀመጠ፤ ጥቂት በጥቂትም በረታ። በ1842 ስፒድ በተራው በተጨነቀ ጊዜ ሊንከን ደብዳቤ እየጻፈ አበረታታው።

ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ1862 በፌብሩዋሪ ወር፥ ልጁ ዊሊ በ11 ዓመቱ ሞተበት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ደግሞ ፋኒ የምትባል የወዳጁ ልጅ አባቷ በጦርነት ሞተባት። ሊንከንም ኀዘን ለሁሉ እንደሚደርስ፥ ዛሬ ባይመስላትም ጊዜ ሲያልፍ ደስታዋ እንደሚመለስ፥ ይህንም በራሱ ደርሶበት እንደሚያውቀው ጻፈላት። እንግዲህ ለኀዘንተኛዋ የሚበጀው ጊዜና ማጽናናት ነበረ፤ ለታመመው ግን ጠባቂና ሐኪም አስፈለገው።

አንዳንድ ሰው ድባቴን የእምነት ጉድለት ወይም የኃጢአት ቅጣት ነው ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሕመሙ የሚያምነውንም የማያምነውንም፥ ደጉንም ክፉውንም ይይዛል። ወባ የያዘውን ሰው ለምን ተንቀጠቀጥህ ብሎ የሚቈጣው የለም፤ እንግዲህ ልቡ የታመመውን ለምን አዘንህ ብሎ መቈጣት ምን ይጠቅማል? የታመመውንም የመርዳት ግዴታ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ብቻ አይደለም። ሊንከን በ1846 ራሱ እንደ ገለጸው የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበረም፤ የተጨነቀውን ወዳጁን ግን አልተወውም። ለተጨነቀ ሰው ለመራራት ሰው መሆናችን ይበቃል።

ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን በምክር ያክመዋል፤ ባስፈለገም ጊዜ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ መድኃኒቱም ኃይሉን እስኪያሳይ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ያሻል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ሕመም ያክማል፤ በሌላ ስፍራ ያለ ሰውም በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ጓደኛችሁ ከጨዋታ ቢለይ አትሳቁበት፤ ቀርባችሁ ጠይቁት፥ ቃሉንም በትዕግሥት ስሙት። መሞት እፈልጋለሁ ቢላችሁ ግን ለማንም አትንገሩ ብሎ ቢለምናችሁ እንኳ ምሥጢር አድርጋችሁ አትያዙት፤ በዚያው ቀን ለወላጅ ወይም ለመምህር ንገሩ። ይህ ወዳጅን ማዳን እንጂ አሳልፎ መስጠት አይደለም። በራሳችሁም ላይ ይህ ሕመም ቢደርስ አትፈሩ፥ አትደብቁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ።
1. ኀዘንና ድባቴ በምን ይለያያሉ?
2. ጆሹዋ ስፒድ ለታመመው ወዳጁ ምን አደረገለት?
3. ድባቴ የያዘውን ሰው ሰነፍ ብሎ መንቀፍ በደል የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?
4. ጓደኛህ ሞትን እመኛለሁ ቢልህ ለማን ትናገራለህ?