የጫካው ኪሎ ሜትር

ሱሉልታ፣ ረፋድ ላይ። ልምምዱ አልቋል፤ ሯጮቹ ሰርቪስ እየጠበቁ ነው። አሰልጣኙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር። ሰዓት ልገዛ ነው።

አሰልጣኝ፦ የትኛውን?

ልጅቷ፦ ጭንቁ እሱ ነው። አንዱ ልጅ ጋርሚን 245ቱን ሊሸጥልኝ ነው፤ ሦስት ዓመት ሮጦበታል። አክስቴ ደግሞ ለፋሲካ ከዋሽንግተን ስትመጣ፣ ገንዘቡን ከሞላሁ 265 ታመጣልኛለች። ልጆቹ «አዲሱን ጠብቂ፣ አሮጌው ይዋሻል» ይሉኛል።

አሰልጣኝ፦ አዲሱም ይዋሻል። ዛሬ ጫካ ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ?

ልጅቷ፦ የአንዱ ሰዓት 14.2፣ የሌላው 13.6 አለ።

አሰልጣኝ፦ አብራችሁ አልነበራችሁም?

ልጅቷ፦ በአንድ መስመር ነበርን፤ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ።

አሰልጣኝ፦ አየሽ። ሰዓቱ ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ያለሽበትን ቦታ ያሰላና ነጥብ ያስቀምጣል፤ ነጥቡን ከነጥብ በቀጥታ ያገናኘዋል። እናንተ ግን በዛፎቹ መሃል ዚግዛግ ነው የምትሮጡት። ባሕር ዛፉን ዞረሽ ያለፍሽባት ኩርባ ትቆረጣለች። ቅጠሉና ግንዱ ደግሞ ምልክቱን ያደክሙታል፤ አንዳንዴም ነጥሮ ይመጣና ሰዓቱ አምስት ሜትር ጎን ላይ ያለሽ ይመስለዋል።

ልጅቷ፦ 265ስ?

አሰልጣኝ፦ እሱ ከሳተላይት ሁለት ዓይነት ሞገድ ይቀበላል፤ 245 አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሲሆን ነጥሮ የመጣውን ከቀጥታው ለመለየት ይቀለዋል። ቦሌ ፎቆቹ መሃል ብትሮጪ ልዩነቱ ይታይሽ ነበር። ኩርባዋን ግን እሱም ይቆርጣታል።

ልጅቷ፦ ታዲያ አዲሱ ይሻላል ማለት ነው?

አሰልጣኝ፦ ፔስ የምታዪው የት ነው?

ልጅቷ፦ አስፋልት ላይ። ሰንዳፋ ስንሄድ።

አሰልጣኝ፦ ሰንዳፋ ሰማዩ ክፍት ነው፤ 245 ይበቃሻል። ጫካ ውስጥ የምሰጥሽ በደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ከአስር ካልኩሽ አንድ ሰዓት ከአስር ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ማን ጠየቀሽ? መም ላይ ደግሞ 400 ሜትሩ ተለክቶ ተሰምሯል፤ ዙር በጨረስሽ ቁጥር ቁልፉን መጫን ነው። መም ላይ ጂፒኤስ አምኖ ከሰዓቱ ጋር የሚጣላ ሯጭ ስንቱን አየሁ!

ልጅቷ፦ ዳገቱስ? እንጦጦ?

አሰልጣኝ፦ እዚያ አዲሱ ይበልጣል፣ አልክድም። 265 የአየር ግፊት መለኪያ አለው፤ 245 የለውም፣ ከፍታውን የሚገምተው ከሳተላይት ነው። ስንት ሜትር እንደወጣሽ ማወቅ ካማረሽ 265 ነው የሚነግርሽ። እኔ ግን እንጦጦ ላይ የማየው አተነፋፈስሽን ነው።

ልጅቷ፦ ስክሪኑም እንደ ስልክ ያበራል ይላሉ።

አሰልጣኝ፦ ያምራል። የ245 ስክሪን ግን ፀሐይ በበረታ ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል። አምራቹ የጻፈውን ካየሽ፣ 245 ጂፒኤስ በርቶ 24 ሰዓት፣ 265 ደግሞ 20 ሰዓት ይቆያል። ግርም አይልሽም? አንዱ በ2019፣ አንዱ በ2023 እንደ አውሮፓውያኑ የወጡ ናቸው፤ አሮጌው ይበልጣል። ግን ይሄ ቁጥር ከካርቶኑ ለወጣ አዲስ ሰዓት ነው፤ የልጁ ባትሪ ሦስት ዓመት አርጅቷል።

ልጅቷ፦ ማርጀቱን በምን አውቃለሁ?

አሰልጣኝ፦ ሳትከፍዪ ለአንድ ቀን ተዋሺው። መቶ ድረስ ቻርጅ አድርጊና አንድ ሰዓት ሩጪበት። ጤነኛ ከሆነ አራት፣ አምስት ፐርሰንት ይቀንሳል። አስርና ከዚያ በላይ ከበላ መልሺለት። ጀርባውን ገልብጪና ቻርጀሩ የሚሰካባቸውን አራት ነጥቦች እዪ፤ የላብ ጨው ይበላቸዋል፣ አረንጓዴ ዝገት ካየሽ ተዪው። አምስቱንም ቁልፎች ተጫኚ። ልጁ ከራሱ አካውንት እንዲያወጣው አድርጊ። ሴቲንግ ገብተሽም በየሴኮንዱ እንዲመዘግብ አድርጊው፤ አለበለዚያ ነጥቦቹን እየመረጠ ነው የሚይዘው።

ልጅቷ፦ የልብ ምቱስ? አሮጌው ፈጣን ልምምድ ላይ ይዘገያል አሉ።

አሰልጣኝ፦ ከእጅ አንጓ የሚለካ ሁሉ፣ አዲሱም ቢሆን፣ ፍጥነት ስትቀያይሪ ሊዘገይ ይችላል። አረንጓዴ ብርሃን ቆዳሽ ላይ አብርቶ ነው የሚያነበው፤ እጅሽ ሲወዛወዝ ይደናገራል፣ ብርድ ላይም እንዲሁ። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው፤ ከሁለቱም ሰዓት ጋር ይሠራል። 245ቱን ብትገዢ በተረፈሽ ብር ቀበቶም ጫማም ይወጣል። ያንን ጫማሽን ተመልክተሽዋል?

ልጅቷ፦ (እግሯን ወደ ኋላ ሸሸግ አድርጋ) እሱንስ ተዉት። ባትሪው የሞተ ሆኖ ቢገኝስ?

አሰልጣኝ፦ ያኔ አክስትሽን ጠብቂ። ባትሪው ባለቀ ሰዓት ላይ ብር ከምታፈሺ አዲሱ ይሻላል።

ልጅቷ፦ እስከዚያ በምን ልሩጥ?

አሰልጣኝ፦ (ከእጃቸው ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው እየፈቱ) እንቺ። ጂፒኤስም የልብ ምትም የለው። ሩጫ ሲይዝ ከ59 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሰዓት በጭንቅላትሽ ያዢ። ነገ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው የምትሮጪው። አሁን ሂጂ፣ ሰርቪሱ መጣ።