ከዓሣ ኩሬ ጋር የተክል መጠለያ ስለ ማያያዝ

በሌሞና በዙሪያው ባሉት የሐዲያና የከምባታ ወረዳዎች የገበሬው ዋና ሀብት እንሰት፣ ስንዴ፣ ባቄላና ከብት ነው። ዓሣ ማርባት ለብዙዎቹ እንግዳ ሥራ በመሆኑ፣ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያስገባ ገበሬ ስለ መኖና ስለ ጫጩት ዓሣ ብዛት ይጠይቃል፤ ስለ ውሃው ግን እምብዛም አያስብም። ይሁን እንጂ በኩሬ ውስጥ ዓሣን ከረሃብ ይልቅ የሚጎዳው የውሃው መበላሸት ነው። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ሲሹ ከታዩ፣ የብዙ ወራት ልፋት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ተቃርቧል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ችግር የሚረዳ አንድ ዘዴ እንገልጻለን። ዘዴውም ዓሣ የማይደርስበት፣ ተክል ብቻ የሚበቅልበት ትንሽ ክፍል ከኩሬው ጋር ማያያዝ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከሩቅ ነው። በውጭ አገር የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ከዋናው ገንዳ ሥር ሁለተኛ ገንዳ ያስቀምጣሉ። ውሃው በራሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ በባሕር አረም መካከል ያልፋል፣ ከዚያም በትንሽ ፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ዓሣ ስለማይገባበት አረሙም ደቃቅ ነፍሳቱም ሳይበሉ ይራባሉ። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተመራማሪ የነበሩት ዋልተር አዴይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኮራል ገንዳዎችን ውሃ በአልጌ ሲያጣሩ ቆይተዋል። ለእኛ የጨው ውሃም መስታወትም አያስፈልገንም። በሻሾጎ ያለውን የቦዮን ረግረግ የተመለከተ ሰው ነገሩን በተፈጥሮ አይቶታል፤ ከደጋው የወረደ ድፍርስ ውሃ በሣርና በቄጠማ መካከል ሲያዘግም ጭቃውን እየጣለ ይሄዳል።

ውሃው እንዴት እንደሚበላሽ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 10 ሜትር በ15 ሜትር በሆነ ኩሬ ውስጥ እያንዳንዳቸው 50 ግራም የሚመዝኑ 300 ዓሦች አሉ እንበል። ጠቅላላ ክብደታቸው 15 ኪሎ ነው። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ የተዘጋጀ መኖ ቢያገኙ 450 ግራም ይሆናል። መኖው 25 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው፣ በውስጡ 18 ግራም ያህል ናይትሮጅን አለ። ከዚህ ውስጥ በዓሣው ሥጋ የሚቀረው ሲበዛ አንድ ሦስተኛው ነው። የቀረው 12 ግራም በየቀኑ ወደ ውሃው ይገባል፤ አብዛኛውም አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ነገር ግን ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በብርድ ወራት የባክቴሪያዎቹም ሥራ ይዘገያል። ቆሮሶም ቢሆን ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን የሚበላው ይቀንሳል። ያልተበላው መኖ ሥር ሰዶ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስም ኦክሲጅን ይፈጃል። ከኅዳር እስከ ጥር መኖ እንዲቀነስ የምንመክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የተክሉን ክፍል ለመሥራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከኩሬው ጎን ሌላ ኩሬ ቆፍሮ በቱቦ ማገናኘት ነው። ይህ መልካም ቢሆንም ውሃው በየቀኑ መመላለስ ይኖርበታል። በባልዲ የሚቀዳው ከቁጥር አይገባም፤ 50 ባልዲ ቢቀዳ እንኳ አንድ ሜትር ኩብ ብቻ ነው፣ ኩሬው ደግሞ 150 ይይዛል። የገመድ ፓምፕ ወይም በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ያለው ገበሬ ሊሞክረው ይችላል። ለሌላው ግን ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ይኸውም የኩሬውን ጥልቀት የሌለውን ጫፍ በአጥር መክፈል ነው። ውሃው በአጥሩ ቀዳዳ በራሱ ስለሚመላለስ ፓምፕ አይጠይቅም።

አጥሩ ከቀርከሃ ፍልጥ ተሠርቶ፣ ዐይኑ ጠባብ በሆነ የናይሎን መረብ ይሸፈናል። የታችኛው ጠርዙ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በጭቃው ውስጥ ይቀበራል፤ የላይኛው ከውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መረቡ በአልጌ ስለሚደፈን በሳምንት አንድ ጊዜ በመጥረጊያ ይጠረግ። የሚከፈለው ከኩሬው አንድ አምስተኛ ቢሆን ይበቃል። በምሳሌያችን ይህ 30 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ማብዛት ጉዳት አለው፤ ተክል ውሃውን ሁሉ ከሸፈነ ብርሃንና አየር ይከለክላል፣ ሌሊትም እሱው ራሱ ኦክሲጅን ይተነፍሳል።

የሚበቅለው ተክል በረጋ ውሃ ላይ እንደ ምስር ክክ እየተንሳፈፈ የሚታየው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ለምና የሚባለው ነው። አዞላ የሚባለውም ለከብት መኖ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አብረውት በሚኖሩ ደቃቅ ሕዋሳት አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኝ፣ ውሃ ለማጥራት ለምናን አያህልም። አበባው አማረኝ ብሎ እምቦጭ የሚያመጣ ሰው ግን ለጎረቤቱም ጠላት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በጣና ላይ ያደረሰው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ከምሥራቁ የሌሞ ተዳፋት የሚወርደው ውሃም በብላቴ በኩል አባያ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው የሚከተለውን ነው። ውሃውን የሚያጠራው ተክሉ መብቀሉ ሳይሆን መታጨዱ ነው። ለምና ከውሃው የወሰደውን ናይትሮጅን በቅጠሉ ይይዛል፤ ሳይታጨድ ከሞተ መልሶ ለውሃው ይሰጣል። በደህና ሙቀት ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን 100 ግራም እርጥብ ለምና ቢታፈስ፣ ከ30 ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ውስጥ 7 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይወጣል፤ ይህም ወደ ውሃው ከገባው 12 ግራም ከግማሽ ይበልጣል። በብርድ ጊዜ የሚገኘው ከዚህ ያንሳል። በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ከሽፋኑ ሲሶውን በወንፊት ማፈስና የቀረውን ለዘር መተው በቂ ነው። የታፈሰው ለዶሮ ይሰጣል፣ ወይም ለእንሰቱ ሥር ይሆናል። ቆሮሶም ይወደዋል፤ ለዓሣው ሲሰጥ ግን ሌላው መኖ በዚያው ልክ ይቀነስ፤ አለበለዚያ የወጣው ሁሉ ተመልሶ ይገባል።

ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ስለሚራባ ደቃቅ ጫጩቶች በመረቡ እየሾለኩ ወደ መጠለያው ይገባሉ። እዚያ ከትልልቆቹ ተጠብቀው ደቃቅ ነፍሳትን እየበሉ ያድጋሉ። ለዘር ይጠቅማሉና በየሁለት ሳምንቱ በመረብ ይሰብሰቡ፤ ከቆዩ ለምናውን ይጨርሱታል። የትንኝ እጭም ይበላሉ። ሆኖም ወባ ባለበት ቆላ ቀበሌ መጠለያ ከመሥራት በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ማማከር ግዴታ ነው፤ በዳር ያለውም ሣር ሁልጊዜ ይታጨድ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ አረንጓዴው ሽፋን ሜዳ ስለሚመስላቸው ኩሬው በሙሉ ይታጠር።

የክረምት ጎርፍ በቀጥታ ወደ ኩሬው መግባት የለበትም። በመግቢያው ላይ ደለል የሚይዝ ጉድጓድ ይቆፈር፤ አለዚያ መጠለያው በአንድ ክረምት በጭቃ ይሞላል።

መጠለያው ሥራውን የሚሠራው ቀስ በቀስ ስለሆነ ለድንገተኛ ችግር አይደርስም። ዓሦቹ ጧት አየር ሲሹ ከታዩ በዚያ ቀን መኖ አይሰጥ፤ ከሥር ያለው ውሃ ሲሶ ያህል ይለቀቅና ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየተንጠባጠበ ይግባ። የተለቀቀው ውሃ ለጎመኑና ለእንሰቱ ይሆናል።