ከሰል ለመሬት፦ ባዮቻርን በሚገባ መጠቀም



በምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናብ በሚበዛባቸውና አፈራቸው ቀይ በሆነ ቦታዎች፥ ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢጨምርም ሰብሉ ሲቀጭጭ እናያለን። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የአፈሩ ኮምጣጣነት ነው። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፎረስም በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ አይደርስም። ኖራ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ ብዙ ስለሆነ ማጓጓዣው ይወደዳል። ዛሬ ገበሬው በደጁ ካለው ነገር ስለሚያዘጋጀው ረዳት እንማራለን።

ባዮቻር ምንድን ነው?

ባዮቻር የሰብል ተረፈ ምርት አየር ባነሰው እሳት ሲቃጠል የሚገኝ፥ ለማገዶ ሳይሆን ለአፈር የሚውል ከሰል ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም። በአማዞን ወንዝ አካባቢ የጥንት ነዋሪዎች ከሰል፥ አጥንትና የቤት ጥራጊ የቀላቀሉበት ጥቁር መሬት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬም ለም ነው። ከሰሉ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃና የተክል ምግብ ይይዛል፤ አብሮት ያለው አመድም ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል።

ከስሕተቴ የተማርሁት

ይህን ሥራ ማስተማር ስጀምር፥ ከሰሉን አድቅቀን ያለ ፍግ በአንድ ሽማግሌ ገበሬ የበቆሎ መደብ ላይ በተንነው። በቆሎው ቢጫ ሆነ። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ምድሪቱ ርቧት ሳለ ባዶ አቁማዳ ሰጠሃት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ባዶ ከሰል በአፈሩ ያለውን ናይትሮጂን ለጊዜው ለራሱ ይይዛል። ያ መደብ ደግሞ የቤተ ሰባቸው እህል ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከሰሉን ሳላጠግብ፥ በትንሽ መደብም ሳልፈትን ማሳ አላስነካም።

አሠራሩ

1. ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ፥ አገዳ ወይም ከቡና ተክል የተገረዘ ጭራሮ ሰብስቡ። ለከብት መኖ የሚሆነውን አትንኩ፤ ለዚህም ብላችሁ ዛፍ አትቁረጡ።

2. ከቤትና ከክምር ርቃችሁ፥ አፉ 1 ሜትር ያህል የሰፋ፥ ታቹ የጠበበ ጉድጓድ ቆፍሩ። እሳት አንድዱ፤ ላዩ ነጭ አመድ መልበስ ሲጀምር ሌላ ንብር ጨምሩ። የላዩ ነበልባል አየሩን ስለሚወስድ የታችኛው አመድ ሳይሆን ከሰል ይሆናል።

3. ጉድጓዱ ሲሞላ ፍሙ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ውሃ አፍስሱበት።

4. አቧራው ሳንባ እንዳይጎዳ፥ እርጥብ እንዳለ አድቅቁት። ከዚያም በእኩል መጠን ከፍግ ወይም ከብስባሽ ጋር ቀላቅሉት፤ የከብት ሽንት ጨምሩበትና ከ2 እስከ 4 ሳምንት በጥላ ሥር አቆዩት።

5. በ1 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ከሰል እንዲደርስ አድርጋችሁ፥ ድብልቁን እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር አዋሕዱት። በአጠገቡ ፍግ ብቻ የተጨመረበት መደብ አዘጋጅታችሁ ሁለቱን አነጻጽሩ።

ጥንቃቄ፦ ባዮቻር ፍግን የሚተካ አይደለም። መሬቱ ኮምጣጣ ካልሆነ አመዱ ሊጎዳው ስለሚችል አስቀድማችሁ አፈሩን አስመርምሩ።

ለውይይት

1. በአካባቢያችን ያለ ጥቅም በሜዳ ላይ የሚቃጠለው የትኛው ተረፈ ምርት ነው?

2. የምናስተምረው ነገር ባይሳካ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? ገበሬው ብቻውን እንዳይሸከመው ከመዝራቱ በፊት ምን ልናደርግ ይገባል?