ቸኮሌት ያከሳልን? የሳይንስ ዜናን በዕጣ መመርመር

ተማሪዎች የመገናኛ ብዙኃንን መረጃ እንዲመዝኑ ሲማሩ ዘወትር የሚሰጣቸው ምክር «ምንጩን ተመልከቱ» የሚል ነው። ምክሩ ተገቢ ቢሆንም ለሳይንስ ዜና ብቻውን አይበቃም። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው የቸኮሌት ጥናት ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ከጀርመን የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ጋር በመሆን የተሳታፊዎችን አመጋገብ በሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ካርቦሃይድሬት የተቀነሰበት ምግብ፣ ሁለተኛው ከዚሁ ጋር በየቀኑ 42 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ተመገበ፤ ሦስተኛው የለመደውን በላ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቸኮሌት የበላው ቡድን ክብደት በ10 በመቶ ፈጥኖ ቀንሶ ተገኘ። ውጤቱ በአንድ የሕክምና ምርምር መጽሔት ወጣ፤ ቢልድ የተባለው የጀርመን ጋዜጣ በፊት ገጹ አወጣው፤ የሌሎች አገሮች ጋዜጦችም ተከተሉት። ኋላ ላይ ጋዜጠኛው ጥናቱ ሆን ተብሎ ደካማ እንዲሆን የተዘጋጀ መሆኑን ገለጸ። (ተሳታፊዎቹ እውነተኛውን ዓላማ ሳያውቁ መሳተፋቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ የሚያስወቅስ ነው።)

እንግዲህ ምንጩን የተመለከተ ተማሪ ምን ያገኝ ነበር? የምርምር መጽሔት፣ የተቋም ስም፣ የዶክትሬት ማዕረግ። ተቋሙ ከድረ ገጽ ያለፈ ህልውና እንዳልነበረው በቀላሉ አይታወቅም። ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ሰው? ስንት ነገርስ ተለካ?» የሚለው ነበር። ሰዎቹ 15 ብቻ ሲሆኑ የተለኩት ነገሮች ግን ክብደት፣ ኮሌስትሮል፣ የእንቅልፍ ጥራትና ሌሎችም፣ በድምሩ 18 ነበሩ።

አንድ ልኬት በአጋጣሚ ብቻ «ውጤት አለው» የመባል ዕድሉ 5 በመቶ ቢሆን፣ አለመባሉ 0.95 ነው። አሥራ ስምንቱም ሳይባሉ የመቅረት ዕድላቸው 0.95 በራሱ 18 ጊዜ ሲባዛ፣ ማለትም 0.40 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቸኮሌት ምንም ባያደርግ እንኳ ቢያንስ አንድ «ግኝት» የማግኘት ዕድል 60 በመቶ ነው። (ስሌቱ ልኬቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ እንደሆኑ ይቆጥራል፤ በተግባር ግን ክብደትና ኮሌስትሮል ሊያያዙ ይችላሉ።)

መምህራን ይህንን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላሉ። እያንዳንዱ ተማሪ 20 ቁራጭ ወረቀት አዘጋጅቶ በአንዱ ላይ ብቻ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያም ሳያይ አንድ ያውጣ፣ መልሶም ይቀላቅል፤ ይህንንም 18 ጊዜ ይድገም። ከ50 ተማሪዎች 30 ያህሉ ምልክቱን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያወጣሉ። እነዚህ ተማሪዎች ስላወጡት ዕጣ ብቻ፣ ሌሎቹን አሥራ ሰባት ሳያነሡ፣ የጋዜጣ ርእስ ይጻፉ፤ ጓደኞቻቸውም የተደበቀውን ቁጥር ጠይቀው ያውጡ።