የትምህርት ገጽ፦ ዩኒቨርሲቲ «ስፖንሰር» ያደረገው የሕክምና ሙከራ ምን ማለት ነው?



እኛ ስደተኞች «ስፖንሰር» የሚለውን ቃል የምናውቀው በአንድ ትርጉም ነው። ይኸውም ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስድ ሰው ወይም ድርጅት ማለት ነው። በሕክምና ምርምር ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። ልዩነቱን ያላወቀ ሰው አሜሪካ ለመሄድ የተመዘገበ መስሎት ለመድኃኒት ሙከራ ሊፈርም ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን በዚሁ ላይ ያተኩራል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የሕክምና ሙከራ ምንድን ነው?

አንድ አዲስ መድኃኒት፣ ክትባት ወይም የአሰጣጥ ዘዴ ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት ነው። መልሱ አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ሙከራ ባላስፈለገ ነበር። የካንሰር መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃ ይፈተናል። በመጀመሪያው ጥቂት ሰዎች ወስደውት ሰውነት የሚችለው መጠን ይለያል። በሁለተኛው በሽታውን መቀነሱ ይታያል። በሦስተኛው ብዙ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው አዲሱ ከተለመደው ሕክምና ጋር ይወዳደራል። ዕጣ የሚወጣው ሐኪሙ አዲሱን መድኃኒት ለፈለገው ሰው መርጦ እንዳይሰጥ ነው።

2. ስፖንሰሩስ ማን ነው?

ጥናቱን የሚያስጀምረው፣ የሚቆጣጠረውና በኃላፊነት የሚጠየቀው አካል ነው። የመድኃኒት ፋብሪካ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካ ብዙ ትርፍ የማያገኝበትን ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ ለምሳሌ «ትንሹ መጠን አይበቃም ወይ?» የሚለውን።

በኬንያ የተደረገውን እንመልከት። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ቀድሞ የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነበር። በአሜሪካ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በ2018 አንድ ጥናት ጀመረ። በኪሱሙ፣ በቲካና በናይሮቢ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 20 የሆነ 2,275 ሴቶች ተሳተፉ። በ2022 የወጣው ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ መከተብ ከዋነኞቹ ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶች ከ97 በመቶ በላይ እንደሚከላከል አሳየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለልጃገረዶች አንድ ክትባት ሊበቃ እንደሚችል አስታወቀ። ልብ በሉ፦ ስፖንሰሩ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ክትባቱም ክትትሉም የተካሄደው እዚያው ኬንያ ነው።

በኡጋንዳም ከደም ሴሎች የሚነሣና የሕፃናትን መንጋጋና ሆድ የሚያሳብጥ ካንሰር አለ። ሐኪሙ ዴኒስ ቡርኪት በ1958 ስለ በሽታው ስለጻፈ በስሙ ይጠራል። በ1967 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል፣ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሕክምና ማዕከል ከፈቱ። እዚያ በተደረጉ ሙከራዎች በመድኃኒት ብቻ የሚድኑ ሕፃናት እንዳሉ ተረጋገጠ። ከተሞከሩት አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ዛሬም ለዚህ በሽታ ይሰጣል። በሽታው በቀናት ውስጥ ስለሚያድግ፣ መንጋጋው ወይም ሆዱ ያበጠ ልጅ ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

3. ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም

በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ከ1960 እስከ 1971 ከ80 በላይ የካንሰር ሕመምተኞች መላ ሰውነታቸው ወይም ከፊሉ በጨረር ተመትቷል። ገንዘቡን ከሰጡት አንዱ የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕመምተኞቹ በጽሑፍ ፈቃድ አልተጠየቁም። ዛሬ ማንም ሰው ሳይነገረውና ሳይስማማ በሙከራ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

4. ከመፈረም በፊት ምን እንጠይቅ?

ሀ. ጥናቱን ያጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው ነው?
ለ. ጉዳቱ ምንድን ነው? ብጎዳ የሚያሳክመኝ ማን ነው?
ሐ. ደሜ የሚወሰደው ስንት ጊዜና ለምን ምርመራ ነው?
መ. ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን ማግኘቴ ይቀጥላል ወይ?
ሠ. ከካምፑ ብዛወር ክትትሌ ምን ይሆናል?

ወረቀቱ በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብላችሁ፤ አንድ ቅጂም ተቀበሉ። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራውን ከማኖሩ በፊት የሚያምነው ምስክር አጠገቡ ይኑር። «አልፈልግም» ማለትም ሆነ ከጀመሩ በኋላ ማቆም መብት ነው። በዚህ ምክንያት ራሽን ካርድ ሊነጠቅ፣ የተለመደው ሕክምና ሊከለከል ወይም የሦስተኛ አገር ጉዳይ ሊበላሽ አይገባም። እንዲሁም መፈረም ጉዳያችሁን አያፋጥንም። እንዲህ ብሎ የሚያስፈራራ ወይም ተስፋ የሚሰጥ ካለ ለክሊኒኩ ኃላፊና ለጥበቃ ክፍል አመልክቱ። አበው እንዳሉት መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. የጉዞ ስፖንሰርና የምርምር ስፖንሰር በምን ይለያያሉ?
2. በሙከራ ዕጣ የሚወጣው ለምንድን ነው?
3. ጎረቤታችሁ «ካልፈረምኩ ራሽኔ ይቀራል» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?