የጉዞ ገለጻ፦ ያዩትን፣ የሰሙትንና የገመቱትን ለይቶ መጻፍ

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርታችሁ በአንድ ቦታ የቆመን ነገር፣ ለምሳሌ ቤትን ወይም ዛፍን፣ በቃላት እንዴት እንደምንሥል ተምራችኋል። የዛሬው ትምህርት ከዚያ ጥቂት ይከብዳል። የጉዞ ገለጻ ጸሐፊ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የሚጽፍ ስለ ሆነ፣ ዓይኑ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር አንባቢው መንገዱ እንዳይጠፋበት መጠንቀቅ አለበት። ከዚህም ሌላ በዓይኑ ያየውን፣ ከሰው የሰማውን ወይም ያነበበውን፣ በራሱ አእምሮም የገመተውን መደባለቅ የለበትም። ይህን ልዩነት የማይጠብቅ ጽሑፍ ቃላቱ ምንም ያህል ቢያምሩ እምነት አይጣልበትም።

ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡ። በሁለተኛው ንባባችሁ ግን በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆም እያላችሁ፣ «ጸሐፊው ይህን እንዴት ዐወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለ. ምንባብ

በሁለቱ ሐይቆች መካከል

ከአዲስ አበባ በሞጆና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ፣ በስተቀኝ የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን ታገኛላችሁ። ፓርኩ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተከለለ ሲሆን ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሲከለል ከዚህ ስፋት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነበር።

ከበሩ አልፋችሁ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በእግር ስትነሡ መንገዱ አያስቸግራችሁም፤ የሚያደክም አቀበት የለበትም። በግራና በቀኝ ግራሮች ቅርንጫፎቻቸውን እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል። ከሥራቸው ከርከሮ በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል። ራቅ ብሎ ሰጎን ይታያል፤ የሜዳ ፍየሎችም ኮቴ ሲሰሙ ቀና ብለው ይመለከታሉ።

ወደ ፊት ስትዘልቁ ደኑ የሳሳባቸው ቦታዎች ያጋጥሟችኋል። በዛፍ ፈንታ ጉቶ፣ በጉቶዎቹም መካከል የከብት ዱካ ታያላችሁ። መሬቱ ክብ ሆኖ የጠቆረበትና ስብርባሪ ከሰል የቀረበት ስፍራ ብታገኙ፣ ግራሮቹ እዚያ ከሰል ሆነው ሳይወሰዱ እንዳልቀሩ ትገምታላችሁ።

ከዚያ ጥቂት ከፍ ካለው ስፍራ ደርሳችሁ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ ስታዞሩ ሁለቱም ሐይቆች ባንድነት ይታያሉ። በስተግራ ያለው ሻላ ነው፤ ውሃው ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ዳርቻው ገደላማ ነው። ሻላ በጥንት ዘመን ተደርምሶ በሰመጠ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር መድረሱ ተመዝግቧል። በስተቀኝ ያለው አብጃታ ነው፤ ውሃው ፈዛዛ፣ ዳርቻውም ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሁለቱም መውጫ ወንዝ የላቸውም። ወደ እነርሱ የገባው ውሃ በፀሐይ ኀይል ተንኖ ሲሄድ ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የጨዋማነታቸውም ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ አብጃታ ስትወርዱ ሣሩ እየመነመነ ይሄድና ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ መሬት ይተካል። ውሃው ከፊታችሁ ቅርብ መስሎ ይታያችኋል፤ ስትሄዱ ግን አልደረስ ይላችኋል። ከውሃው ጠርዝ ላይ እንደ ሮዝ ክር የተዘረጋ ነገር ብታዩ፣ በደቃቅ ዋቅላሚ የሚመገቡት የፍላሚንጎዎች መንጋ ነው። ጭቃው ሰው ስለሚያሰምጥ ጠባቂው ከዚህ አትለፉ ሲላችሁ ቁሙ።

የቆማችሁበትም መሬት ቀድሞ የሐይቅ ወለል ነበር። በ1965 ዓ.ም. ገደማ የአብጃታ ስፋት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ከላይ ለመስኖ በመወሰዱ፣ ከሐይቁም የሶዳ አመድ ለማምረት ውሃ በመቀዳቱ፣ የገባው የወጣውን መተካት አልቻለም። ውሃው ሲጎድል ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣውም ጠፋ። በሻላ ደሴቶች ላይ ጎጆ እየሠሩ ከአብጃታ ዓሣ ለጫጩቶቻቸው ያመላልሱ የነበሩት ፔሊካኖችም ቁጥራቸው ተመናመነ። የአንዱ ሐይቅ ጉዳት ለሌላው ሐይቅ ወፎች ተረፈ።

ሐ. ማብራሪያ

1. ቅደም ተከተል። በምንባቡ ውስጥ «ከበሩ አልፋችሁ»፣ «ወደ ፊት ስትዘልቁ»፣ «በስተግራ»፣ «በስተቀኝ»፣ «ስትወርዱ» የሚሉትን አስተውሉ። እነዚህ አንባቢውን እጁን ይዘው የሚመሩ ናቸው። ጸሐፊው ግራና ቀኝ ከማለቱ አስቀድሞ ፊቱን ወደ የት እንዳዞረ ተናግሯል። ይህን ባይናገር ኖሮ «በስተግራ» የሚለው ቃል ትርጉም አይኖረውም ነበር።

2. የዕውቀት ምንጭ። «ከርከሮ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል» ያዩት ነገር ነው። «እስከ 266 ሜትር መድረሱ ተመዝግቧል» ሌሎች ለክተው የጻፉት ነው፤ ማንም በዓይኑ የሐይቅ ጥልቀት አያይም። «ከሰል ሆነው ሳይወሰዱ እንዳልቀሩ» ግን ግምት ነው። ጸሐፊው ጉቶውን አየ፤ የቆረጠውን ሰው አላየም። ስለዚህም «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይባላል» የሚሉትን በየቦታቸው መጠቀም ፍርሃት ሳይሆን ታማኝነት ነው።

3. ነው እና ነበር። «ሐይቁ እዚህ ይደርሳል» እና «ሐይቁ እዚህ ይደርስ ነበር» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቃል ናት። ያቺ አንዲት ቃል ግን ግማሽ ሐይቅ ይዛለች። «ነበር» ብለን በእርግጠኝነት ለመጻፍ የምንችለው ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች «ነው» ብለው፣ ለክተውና ዓመተ ምሕረቱን አክለው ስለ ተዉልን ብቻ ነው። «እጅግ በጣም ውብና አስደናቂ ሐይቅ» ብለው ብቻ ቢያልፉ ኖሮ፣ ዛሬ የጎደለውን ከምን ጋር እናነጻጽረው ነበር? እናንተም ስትጽፉ ይህን አስቡ። ዛሬ በትክክል የገለጻችሁት ወንዝ ወይም ደን ለነገ ሰው መለኪያ ይሆነዋል።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ጸሐፊው በዓይኑ ሊያያቸው የሚችላቸውን አራት ነገሮች፣ በዓይኑ ብቻ ሊያውቃቸው የማይችላቸውንም ሦስት ነገሮች አውጥታችሁ ጻፉ።

2. «የአንዱ ሐይቅ ጉዳት ለሌላው ሐይቅ ወፎች ተረፈ» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው? በሦስት ዐረፍተ ነገሮች አብራሩ።

3. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ግምት መሆናቸው እንዲታወቅ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።
ሀ) ትናንት ማታ እዚህ ጅብ አልፏል።
ለ) ይህ ጉድጓድ የከርከሮ ቤት ነው።
ሐ) ወንዙ በክረምት እስከዚህ ድንጋይ ይሞላል።

4. በሰፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ ወደሚገኝ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ደን በእግር ሂዱ። የሄዳችሁበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት በራስጌው ላይ ጽፋችሁ፣ ያያችሁትን በመንገዱ ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ግለጹ። «ውብ» እና «አስደናቂ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።

5. በዚያው ስፍራ ለረጅም ዘመን የኖሩ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ቦታው ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር ጠይቁ። የነገሯችሁን «እንደ ነገሩኝ» በማለት ለብቻው በአንድ አንቀጽ ጻፉ። በመጨረሻም «ነው» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ነበር» ካላችሁት ጋር አነጻጽሩ።